ወደ ፌንግኋንግ ከመሄድዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለንግድ ጓንግዡ ሄደው ጥቂት ቀን ከተረፈዎ ፌንግኋንግን ማየት ያምርዎ ይሆናል። በቻይና ሁናን ግዛት በቱዎ ወንዝ ዳር ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ የእንጨት ቤቶቿ በምሰሶ ተደግፈው ወንዙ አፋፍ ላይ ቆመዋል። መታየት የሚገባት ናት፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን እነዚህን ያጣሩ።

• ትኬቱ የምንድን ነው? በ2013 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ለማየት ብቻ 148 ዩዋን ማስከፈል ተጀምሮ ነበር፤ በ2016 ቀረ። ዛሬ በመንገዱና በወንዙ ዳር በነፃ ይዘዋወራሉ። ትኬት የሚጠየቀው እንደ ደራሲው ሸን ጾንግወን ቤት ላሉ ቦታዎች ነው። «ያለ ትኬት አይገባም» የሚልዎን ደላላ አይመኑ።

• መቼ ነው የሚሄዱት? ከኦክቶበር 1 በሚጀምረው የበዓል ሳምንት መንገዱ ይጨናነቃል፣ የአልጋ ዋጋም ይንራል። በክረምቱ ዝናብ ደግሞ ወንዙ ይሞላል፤ በጁላይ 2014 ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። ቀብድዎ ተመላሽ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ።

• ባቡሩ የት ያወርድዎታል? ፈጣን ባቡር ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ይደርሳል፤ ጣቢያው ግን ከአሮጌው ከተማ ውጭ ነው። የታክሲውን ዋጋ ሳይሳፈሩ ይቁረጡ። ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርትዎ ጋር አንድ ይሁን።

• አልጋው ወንዙን ያያል፤ ሌላስ? ለእይታው ጨምረው ይከፍላሉ፤ የመጠጥ ቤቶቹ ሙዚቃ ግን እስከ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳዎ ይችላል። አሳንሰር አለ? ክፍሉ እርጥበት አለው? የውጭ ዜጋ ተቀብለው ፖሊስ ዘንድ ያስመዘግባሉ?

• ምግቡ ምን ይዟል? የአካባቢው ስመ ጥር የዳክዬ ወጥ በዳክዬ ደም የተለወሰ ሩዝ ይገባበታል። አትክልቱም በአሳማ ስብ ሊጠበስ ይችላል። ጾመኛ ወይም ሙስሊም ከሆኑ ጥያቄዎን በቻይንኛ አስጽፈው ይያዙ።

• ዓሣው ስንት ይመዝናል? ዋጋው የሚነገረው በጂን ነው፤ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። ሳይታረድ ፊትዎ ያስመዝኑ፣ ሂሳቡንም ያስጽፉ።

• ብሩ እውነተኛ ነው? በአካባቢው የሚያኦ ብሔረሰብ ስም «የሚያኦ ብር» ተብሎ የሚሸጠው ጌጥ ብዙውን ጊዜ ቅይጥ ብረት ነው። የንጽህናው መጠን በደረሰኙ ላይ ካልተጻፈ የብር ዋጋ አይክፈሉ።

• ኪራዩ ምን ያካትታል? የባህል ልብሱ በርካሽ ይከራያል፤ ወጪው የሚመጣው በፎቶው ነው። ስንት ፎቶ ይሰጥዎታል? ለተጨማሪውስ?

• በምን ይከፍላሉ? ሁሉም ማለት ይቻላል በስልክ ነው። አሊፔይ የተባለውን የክፍያ መተግበሪያ ከካርድዎ ጋር ከአገርዎ ሳይነሱ ያገናኙ፤ ጥቂት ጥሬ ዩዋንም ይያዙ።

ያለ ስጋት የሚገዙት የዝንጅብል ከረሜላ ነው፦ በሱቁ ደጃፍ በሜንጦ ላይ እየተሳበ ሲሠራ ያዩታል፣ ቀምሰውም ይገዛሉ። ለቀረው ሁሉ ዋጋውንና መጠኑን አስቀድሞ ያልጻፈልዎን ሻጭ ትተውት ይለፉ።