ፊኒክስ፦ ከአመድ የምትነሣ ወፍ

እንጨት ሲነድ አመድ ይሆናል። አመድ ግን ተመልሶ እንጨት አይሆንም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። በጥንት ተረት ውስጥ ግን ፊኒክስ የምትባል ወፍ አለች። ስታረጅ በእሳት ትቃጠላለች፤ ከአመዷም እንደገና ወጣት ሆና ትነሣለች ይባላል።

ከ2400 ዓመት በፊት ሄሮዶቱስ የተባለ ግሪካዊ ስለዚች ወፍ ጽፏል። በየ500 ዓመቱ አንዴ ወደ ግብፅ ትመጣለች ሲባል ሰማ። እሱ ግን «ሥዕሏን እንጂ ራሷን አላየሁም» በማለት ሐቁን ተናገረ። የእሳቱን ነገር የጨመሩት ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍም ስለ ፊኒክስ ያወራል።

ታዲያ እንዲህ ያለች ወፍ አለች ወይ? የለችም። የተጻፈ ሁሉ በዓይን የታየ አይደለም። ስናነብ «ጸሐፊው አይቷል ወይስ ሰምቷል?» ብለን እንጠይቅ።

ሆኖም ፊኒክስ የሚለው ቃል ጥቅም አለው። ያለመሞት ምልክት ነው። ምልክት ማለት አንድን ሐሳብ የሚወክል ነገር ነው። ርግብ የሰላም ምልክት እንደሆነች ሁሉ ማለት ነው። በአሜሪካ አገር አትላንታ የምትባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1864 በጦርነት ተቃጠለች። ሕዝቡ መልሶ ሠራት። በ1887 የከተማዋ ማኅተም የፊኒክስ ሥዕል ያለበት እንዲሆን ተደረገ። ከተማዋን ከአመድ ያስነሣት ግን ወፍ አይደለም፤ የሰው ጉልበት ነው።

ጥያቄ
1. ሄሮዶቱስ ወፏን አይቷት ነበር?
2. ምልክት ማለት ምን ማለት ነው?
3. በአካባቢያችሁ ጠፍቶ በሰው ጉልበት እንደገና የተነሣ ምን ነገር አለ? ጻፉ።