ሰው ሠራሽ አስተውሎትና የጀማሪ ተመራማሪ ድርሻ



«ምርምር» የሚለው ቃል «መረመረ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። መመርመር ማለት አንድን ነገር አገላብጦ ማየት፣ መጠየቅ፣ መፈተን፣ እውነቱን ከሐሰቱ መለየት ማለት ነው። ስለዚህ ተመራማሪ የተነገረውን ሁሉ የሚቀበል ሳይሆን ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ነው። ከመካከላችን በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ፣ ከዚያም አልፈው ተመራማሪ ለመሆን የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እንግዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው የኮምፒዩተር ጥበብ ይህን ሥራ እንዴት እየለወጠው እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። ነገሩን ከአንድ ምሳሌ ብንጀምር ይቀለናል።

፩/ ከዓመታት ወደ ደቂቃዎች

በሰውነታችን ውስጥ የሚከናወነው አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በፕሮቲኖች ነው። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉ 20 ዓይነት ቅንጣቶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ግን ተዘርግቶ አይቀርም፤ ይጠቀለላል፣ ይተጣጠፋል፣ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። የሚሠራውን ሥራም በአብዛኛው የሚወስነው ይኸው ቅርጹ ነው። ቅርጹን ያወቀ ሰው በሽታው እንዴት እንደሚነሣ፣ መድኃኒቱም የት ላይ ሊያርፍ እንደሚችል ለመረዳት መንገድ ያገኛል።

ቅርጹን ማግኘት ግን እጅግ አድካሚ ነበር። ማክስ ፔሩትዝ የተባለው ሊቅ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተቀምጦ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚያመላልሰውን የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ለማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ደክሟል። የሥራ ባልደረባው ጆን ኬንድሩም በጡንቻ ውስጥ የሚገኘውን የማዮግሎቢንን ቅርጽ አገኘ። ሁለቱም በ1962 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ከእነርሱም በኋላ አንድ የዶክትሬት ተማሪ ለአንድ ፕሮቲን ዓመታት መስጠቱ የተለመደ ነበር። ፕሮቲኑን ያጠራል፤ እንደ ጨው ጠጥሮ ክሪስታል እንዲሆን ያደርገዋል፤ በኤክስሬይ ያነሣዋል፤ ያሰላል፤ ካልተሳካለትም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

በ2020 እ.ኤ.አ. ዲፕማይንድ የተባለው ድርጅት አልፋፎልድ 2 የተሰኘውን ፕሮግራሙን በዚህ ሙያ ዓለም አቀፍ ፈተና ላይ አቀረበ። ፕሮግራሙ የብዙዎቹን ፕሮቲኖች ቅርጽ በቤተ ሙከራ ከተገኘው ጋር በጣም በተቀራረበ ሁኔታ ተነበየ። በ2022 እ.ኤ.አ. ከ200 ሚሊዮን በላይ የሆኑ ትንበያዎች ለማንም ሰው በነፃ ተለቀቁ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዲፕማይንዶቹ ዴሚስ ሃሳቢስና ጆን ጃምፐር ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኙ። ዛሬ አንድ ተማሪ ቀድሞ ለማግኘት ዓመታት ይወስድ የነበረውን ቅርጽ ትንበያ በደቂቃዎች ውስጥ ያገኛል።

፪/ ፕሮግራሙ ከየት ተማረ?

ይህን የሰማ ወጣት «ታዲያ የእኔ ድካም ለምን ያስፈልጋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ የሚገኘው ፕሮግራሙ ከተማረበት ቦታ ነው።

በ1971 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ያገኙት የፕሮቲን ቅርጽ ሁሉ የሚቀመጥበት የጋራ መዝገብ ተከፍቶ ነበር። አልፋፎልድ የተማረው በዚያ ከተከማቹት ወደ 170 ሺህ ከሚጠጉ ቅርጾች ነው። እነዚህን ያከማቹት በሃምሳ ዓመት ውስጥ በየቤተ ሙከራው ሌሊት ያመሹ ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ስማቸው ያልገነነ ተማሪዎችና ረዳቶች ነበሩ። የእነርሱ ድካም ባይኖር ፕሮግራሙ የሚማረው ነገር አይኖረውም ነበር።

በቋንቋችንም ነገሩ እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተር አማርኛን ከእንግሊዝኛ ይልቅ አሳንሶ የሚያውቀው የሚማርበት ጽሑፍ ጥቂት ስለሆነ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ማሳካኔ በተባለው ኅብረት የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች አማርኛን ጨምሮ በ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ ዜናዎችን ወስደው የሰውን፣ የቦታንና የድርጅትን ስም፣ እንዲሁም ቀንን በእጃቸው እየለዩ ምልክት አደረጉባቸው። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ካልሠራው ማንም አይሠራውም።

ገበሬ በክረምት ቢቸገር እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይበላም፤ ከበላው ለከርሞ የሚዘራው የለውም። የጀማሪ ተመራማሪ ትዕግሥትም የእውቀት ዘር ነው።

፫/ ሁለት አደጋዎች

የመጀመሪያው አደጋ የተሳሳተ እውቀት ነው። ጽሑፍ የሚጽፉት ፕሮግራሞች፣ ለምሳሌ በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ቻትጂፒቲ፣ በመሠረቱ የሚሠሩት ከተጻፈው ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል በመገመት ነው። ስለዚህ እውነቱንም ሐሰቱንም በአንድ ዓይነት የድፍረት ቃል ይናገራሉ። ያልተጻፈ ጽሑፍ ከነደራሲው ስም ፈጥረው «ማስረጃ» ብለው ማቅረባቸውም ታይቷል። በዚያው ወር ሜታ የተባለው ኩባንያ ለሳይንስ ጽሑፍ ያዘጋጀውን ጋላክቲካን አውጥቶ ነበር፤ ሐሰት እየቀላቀለ ስለተገኘ ለሕዝብ መሞከሪያ የቀረበው በሦስት ቀን ውስጥ ተነሣ። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኒውዮርክ ጠበቆች ኮምፒዩተሩ የፈጠረላቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። የተቀጡት ጠበቆቹ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በዚሁ ዓመት እንዲህ ያለው ፕሮግራም እንደ ደራሲ እንደማይቆጠር አስታወቀ፤ ምክንያቱም ደራሲነት ኃላፊነት አለበት፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ኃላፊነት ሊወስድ አይችልም።

ሁለተኛው አደጋ ከዚህ የበለጠ ስውር ነው። እስከ ዛሬ ጀማሪ ተመራማሪ የሚያድገው በትናንሽ ሥራዎች ነበር። ጽሑፎችን አንብቦ ያጠቃልላል፤ ቃለ መጠይቅ ሰምቶ ይገለብጣል፤ ቁጥር ይደረድራል፤ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይጽፋል። እነዚህን ሲሠራ ስሕተትን የሚያሸት አፍንጫ ያወጣል። አሁን ብዙዎቹን ኮምፒዩተሩ በአጭር ጊዜ ስለሚሠራቸው፣ ፕሮፌሰሩ «ረዳት ለምን እቀጥራለሁ?» ሊል ይችላል፤ ተማሪውም «ለምን አነባለሁ?» ሊል ይችላል። ይህ ከሆነ ግን ነገ የኮምፒዩተሩን ስሕተት የሚያይ ማን ነው? የዛሬው ፕሮፌሰር ኮምፒዩተሩን የሚያርመው ትናንት ራሱ አንብቦ ስለነበረ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ አበው፣ ሳይደክሙ የተሸከሙት ማዕረግ በመጀመሪያው ጥያቄ ይወድቃል።

፬/ እንግዲህ ምን እናድርግ?

መሣሪያውን መሸሽ አይበጅም፤ የሸሸ ሰው ከባልንጀሮቹ ወደ ኋላ ይቀራል። ይልቁንስ በሚከተለው ሥርዓት እንጠቀምበት።

ሀ/ አስቀድመን ራሳችን እንሞክር። ጥያቄውንና የመጀመሪያውን ሐሳብ በራሳችን እጅ ከጻፍን በኋላ ኮምፒዩተሩን እንጠይቅ።

ለ/ የጠቀሰውን ጽሑፍ ሁሉ ፈልገን፣ ከፍተን፣ አንብበን እናረጋግጥ። ያላነበብነውን አንጥቀስ።

ሐ/ ትንበያን ከማስረጃ እንለይ። አልፋፎልድ እንኳ ለእያንዳንዱ የቅርጹ ክፍል ከ0 እስከ 100 የሚደርስ የእርግጠኝነት ነጥብ ይሰጣል፤ ነጥቡ ዝቅ ያለበትን ክፍል እንደ ታወቀ ነገር መቁጠር አይገባም።

መ/ ሰዎች አምነው የነገሩንን ምስጢር፣ የሕመምተኛን ታሪክም ቢሆን፣ ወደ ፕሮግራሙ አናስገባ።

ሠ/ የተጠቀምንበትን ለመምህራችን በግልጽ እንናገር። የሚደበቅ እርዳታ ማታለል ይሆናል።

ባጭሩ ኮምፒዩተሩ መልስ ያቀርባል፤ መልሱን መመርመርና ስለ እርሱ ኃላፊ መሆን ግን የእኛ ድርሻ ነው። ልናስረዳው በማንችለው ጽሑፍ ላይ ስማችንን አናስፍር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አልፋፎልድ ከማን ድካም ተማረ?
2. በምትማሩበት ክፍል ጀማሪ የሚያድግባቸው ትናንሽ ሥራዎች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ለኮምፒዩተር ሊሰጥ የሚችለውና የማይገባው የቱ ነው?
3. አንድ ባልንጀራችሁ ያላነበበውን ጽሑፍ ጠቅሶ ብታገኙት እንዴት ትመክሩታላችሁ?