የውሃ በርሜልና የወባ ትንኝ
ድርቅ የገበሬ፣ የውሃ እጦት የማዘጋጃ ቤት፣ ወባም የሐኪም ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲቈጠር ብዙ ጊዜ እናያለን። ነገር ግን አደጋ እንደ መሥሪያ ቤት በየክፍሉ ተለይቶ አይመጣም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይገባል እንጂ።

አገራችን ይህን ቀደም ሲል በብርቱ ሐዘን ተምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1958 ዝናቡና ሙቀቱ ከልማዱ በበለጠ ጊዜ፣ ወባ ወትሮ ወደማይበረታበት ከፍተኛ ስፍራ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም እንደ ገደለ ተገምቷል።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ በሌላ መንገድ መጥቷል። ነባሪቱ የወባ ትንኝ አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ባቆረው ውሃ ስለምትራባ፣ በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ከእስያ የመጣችው አኖፌሌስ ስቴፈንሲ የተባለችው ትንኝ ግን በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በታንከርና በሲሚንቶ ገንዳ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በቀብሪ ደሃር ተገኘች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት ወባ በተነሣ ጊዜ፣ ተመራማሪዎች በሽተኞቹ በሚኖሩበት አካባቢ ይህችን ትንኝና የምትራባባቸውን የውሃ ማጠራቀሚያዎች አግኝተዋል።

እንግዲህ ሰንሰለቱን እናስተውል። ቧንቧው ሲቋረጥ ሰው ውሃ ያጠራቅማል፤ ከጥማት የሚያድነውም በርሜል ክዳን ካጣ የበሽታ መፈልፈያ ይሆናል። ባለቤቱ ውሃ ሳያስቀምጥ ሊኖር አይችልምና፣ እርሱን ብቻ መውቀስ አይገባም።

ስለዚህ ምርምር በቅድሚያ ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች አሉ እንላለን።

አንደኛ፤ ውሃ በሚቋረጥባቸው ቀኖች ብዛትና በትንኝ ዕጭ ብዛት መካከል ምን ያህል ግንኙነት አለ? ይህን ለማወቅ የውሃ መሥሪያ ቤቱና የጤና ጣቢያው መዝገብ ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባል።

ሁለተኛ፤ ትንኟ ብዙ ዓይነት የነፍሳት ማጥፊያ መድኃኒት ስለምትቋቋም፣ በየከተማው የሚሠራው የትኛው ነው?

ሦስተኛ፤ ከቤት ውጭና በከብት በረት ጭምር ስለምትገኝ፣ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብቻቸውን ምን ያህል ይጠብቃሉ?

አራተኛ፤ የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝም በዚያው በርሜል ስለምትራባ፣ በአንድ ድካም ሁለቱን በሽታዎች መከላከል እንዴት ይቻላል? እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ በደንጊ ወረርሽኝ ተመትታ ነበርና ጥያቄው የሩቅ አይደለም።

መልሱ እስኪገኝ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። በሞቃት ስፍራ የትንኝ እንቁላል ተፈልፍሎ ክንፍ አውጥቶ እስኪበር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በርሜልን በየሳምንቱ አሟጥጦ ውስጡን መፈግፈግ፣ ከዚያም አጥብቆ መክደን ያስፈልጋል። ክዳን የሌለው ሰው የበርሜሉን አፍ ክፍተት በሌለው ጨርቅ ይሰር። የቀረውንም ውሃ በቦይ ሳይሆን በደረቅ መሬት ወይም በአትክልት ሥር ያፍስስ፤ ዕጭ ያለ ውሃ አይኖርምና።