ስለ ደቲፎስ ፏፏቴ

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ ያለች ደሴት ናት። የስሟ ትርጓሜ የበረዶ ምድር ማለት ነው፤ ነገር ግን ከምድሯ በታች እሳት አለባትና የበረዶና የእሳት አገር ቢሏት እውነት ነው። በዚችም ደሴት በሰሜን ምሥራቅ በኩል፥ ከከተማና ከመንደር ርቆ፥ ደቲፎስ የሚባል ታላቅ ፏፏቴ ይገኛል። ፎስ በአገሩ ቋንቋ ፏፏቴ ማለት ነው።

የወንዙ አመጣጥ እንዲህ ነው። በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ቫትናዮኩል የሚባል የበረዶ ክምር አለ፤ ስፋቱ ከጣና ሐይቅ ስፋት ከእጥፍ ይበልጣል። በየዓመቱ የወረደው በረዶ በሙቀት ወራት ሳይቀልጥ እየቀረ፥ አንዱ በሌላው ላይ እየተጫነ፥ በክብደቱ ተጠቅጥቆ እንደ ድንጋይ ጸንቷል። ይኸውም ክምር በዝግታ ቍልቍል ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ዐለት እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ስለዚህ ከበረዶው ቀልጦ የሚወጣው ወንዝ የዐለት ዱቄት ተሸክሞ አመድ መስሎ ይወርዳል።

አንዳንድ ጊዜም ከበረዶው በታች ያለው እሳተ ገሞራ ይነሣል። ያን ጊዜ ብዙ በረዶ ባንድነት ቀልጦ ደራሽ ጎርፍ ይኾናል። ከፏፏቴው በታች ያለውን ጥልቅ ገደል በጥንት ዘመን የቈፈረው እንዲህ ያለ ጎርፍ እንደ ኾነ ሊቃውንት ያስረዳሉ።

የፏፏቴው ቁመት 44 ሜትር ያኽላል፤ በክንድ ቢለኩት ወደ 88 ክንድ ነው። ወርዱ 100 ሜትር ያኽላል። በቁመቱ ከእኛው ጢስ ዓባይ ብዙ አይለይም፤ እንደ ጢስ ዓባይም ርጭቱ እንደ ጢስ ወደ ላይ ሲወጣ ከሩቅ ይታያል። መምህር ሆይ፤ ልጆቹ ቍጥሩን በቃል ብቻ እንዳይዙት፥ 100 ሜትር ገመድ በሜዳ ላይ አስዘርጋላቸው፤ ያን ጊዜ ወርዱን በዐይናቸው ያያሉ።

ወደ ደቲፎስ የሚኼድ ሰው ዛፍ የሌለበትን ጥቍር ድንጋይና አሸዋ አቋርጦ ይኼዳል። በክረምታቸው ወራት መንገዱን በረዶ ስለሚዘጋው፥ ጎብኚ የሚበዛው ሌሊቱ እምብዛም በማይጨልምበት በሙቀት ወራት ነው። ከመኪና ወርዶም ጥቂት በእግሩ ይጓዛል። ፏፏቴው ሳይታይ ድምፁ ቀድሞ ይሰማል።

በዚያ ስፍራ ተጓዡ ኹለት ነገር ይጠብቅ ዘንድ ይገባዋል። መዠመሪያው የገዛ ሕይወቱን ነው። ዐለቱ በርጭቱ ኹልጊዜ ርጥብ ስለ ኾነ ያሟልጫል፤ በገደሉም ዳር በብዙ ስፍራ የሚከለክል አጥር የለም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን የአባቶች ቃል የዘነጋ ሰው፥ ጥቂት ልቅረብ ሲል ይጠፋል።

ኹለተኛው አፈሩን ነው። ከ9ኛው መቶ ዓመት ዠምሮ በደሴቲቱ የሰፈሩት ሰዎች ጫካውን ቈረጡ፥ በጎችም ቍጥቋጦውን ጋጡት፤ ሥር ያልያዘውንም አፈር ነፋስ ወሰደው። የአገሩም መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር በ1907 ዓ.ም. አፈርን የሚጠብቅ ሥራ አቋቋመ፤ ዛሬም የጠፋውን መመለስ አላለቀም። ስለዚህ ጎብኚ ከተመለከተው መንገድ አይወጣም፤ በአንድ እግር የተረገጠው ሽበት እስኪያገግም ብዙ ዓመት ይፈልጋልና። ፏፏቴውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. በተቋቋመው በቫትናዮኩል ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ይጠበቃል።

እንግዲህ ዐለትን ለመቈፈር ውሃ ብዙ ዘመን ፈጀበት፤ አፈርን ለማጥፋት ግን ለሰው ጥቂት ትውልድ በቃው። በበረዶ አገር የኾነው በእኛም ቍልቍለት ይኾናል። ሽማግሌዎች ሆይ፤ በልጅነታችሁ ጫካ የነበረውን፥ ዛሬ ግን ድንጋዩ የወጣውን ስፍራ ለልጆቹ አሳዩአቸው። ከዚያ ወዲያ ስለ ሩቁ አገር የተማሩት ነገር በገዛ እርሻቸው ይገባቸዋል።

ጥያቄ።

፩ኛ፤ የደቲፎስ ውሃ አመድ የሚመስለው ስለ ምንድር ነው?

፪ኛ፤ ከፏፏቴው በታች ያለውን ገደል ምን ቈፈረው?

፫ኛ፤ በአገራችሁ ጎርፍ አፈር የሚወስደው ከየትኛው ስፍራ ነው? ለመከልከልስ ምን ይደረግ?