መድረሳና ገዢ፤ ከአዝሀር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ ላይ ይውረድ።

አንባቢ ሆይ! መድረሳ ልጆች የሚቀሩበት ቤት ብቻ ነው ብለህ አታስብ። ቃዲውም፣ ሙፍቲውም፣ ኢማሙም የሚወጡት ከዚያ ነው። ስለዚህ ገዢዎች ዐይናቸውን ከመድረሳ ላይ አያነሡም። ይህን ለመረዳት በካይሮ ያለውን የአዝሀርን ታሪክ ተመልከት። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን በያዘ ጊዜ የካይሮ ሕዝብ በጥቅምት ወር ተነሣ፤ መሰብሰቢያውም አዝሀር ነበረ። ፈረንሳዮች መስጊዱን በመድፍ ደበደቡ፤ ፈረሶቻቸውንም ይዘው ገቡበት። በ1805 ደግሞ ዑለማዎቹ ከዑመር መክረም ጋር ሆነው ግፈኛውን ገዢ ኹርሺድ ፓሻን ሽረው ሙሐመድ ዐሊን ሾሙ።

ይህ ኀይል ከምን መጣ? ከሰይፍ አይደለም። አንደኛ፣ ሕዝቡ ያምናቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ምእመናን ወቅፍ ካደረጉት መሬትና ሱቅ ይኖሩ ስለ ነበር እንጀራቸው በገዢው እጅ አልነበረም።

ነገር ግን የተሾመው ሿሚዎቹን ፈራ። ሙሐመድ ዐሊ በወቅፍ መሬት ላይ ግብር ጣለ፤ ዑመር መክረምም ይህን ቢቃወም በ1809 ወደ ዲምያጥ አጋዘው። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ከሼኾቹ አንዳንዶቹ በቅናትና ሹመትን በመሻት ከፓሻው ጋር ማበራቸው ነው። ይህን የጻፈልን ዐብዱራሕማን አልጀበርቲ (1753–1825) ነው፤ አባቶቹ ከእኛ ወገን ከጀበርት ሄደው በአዝሀር የጀበርትን ሪዋቅ ያስተዳደሩ ነበሩ። በ1961 በወጣው ሕግም አዝሀር በመንግሥት አስተዳደር ሥር ገባ፤ የሕክምናና የምህንድስና ትምህርት ተጨመረለት፤ የሼኹም ሹመት በፕሬዚዳንቱ እጅ ሆነ። በአንድ በኩል ሰፋ፤ በሌላ በኩል አንደበቱ ታሰረ።

እንግዲህ ነጋዴ ወንድሜ ሆይ፣ ትምህርቱ ይህ ነው። የሰፈርህ መድረሳ ደሞዙን ከማን ይቀበላል ብለህ ጠይቅ። ከቻልህ የአንድ ሱቅ ኪራይ ወቅፍ አድርግለት፤ በጽሑፍም በምስክርም አጽናው፤ ሒሳቡን የሚጠብቅ ታማኝ ሰው አቁምለት። ይሁን እንጂ የሰጠኸውን አስበህ ሼኹ በሙግትህ እንዲያደላልህ አትጠብቅ። የገዢ እንጀራ አንደበትን እንደሚያስር፣ የባለጸጋም እንጀራ ያስራልና።

አንተም እናት ሆይ፣ ልጅሽን ወደ መድረሳ ስትልኪ እውነትን በትሕትና መናገርን እንዲማር ምከሪው። ዓሊም ገዢን ሲመክር ለሕዝብ ጋሻ ይሆናል፤ በደጁ ሲለማመጥ ግን ዕውቀቱ ሸቀጥ ይሆናል።

አላህ ዑለማዎቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።