ደማችን ስለ ምግባችን ምን ይነግረናል?



አክስቴ ጥሬ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ነው የምትበላው። "ምንም አላመመኝም" ትላለች። ግን ጉድለት ቶሎ አይታወቅም። ቫይታሚን ቢ12 በሥጋ፣ በእንቁላልና በወተት እንጂ በጎመንና በካሮት አይገኝም። ጉበታችን ለዓመታት ስለሚያከማቸው እስኪያልቅ ደህና እንመስላለን። ሲያልቅ ድካምና የእጅ እግር መደንዘዝ ይመጣል።

የደም ምርመራ ግን ቀድሞ ይናገራል፦

1. ሄሞግሎቢን፦ የደም ማነስን ያሳያል። ከ5 እስከ 11 ዓመት ላለን ልጆች በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ11.5 ግራም ማነስ የለበትም።
2. ፌሪቲን፦ የተከማቸ ብረትን ያሳያል። ከሄሞግሎቢን ቀድሞ ይቀንሳል።
3. ቢ12፦ ለብቻው ይታያል።

ስለዚህ አክስቴን "ሦስቱንም ተመርመሪ" አልኳት። ጓደኞቼ፣ ጥሬ አትክልት ጥሩ ነው፤ በደንብ አጥበን ከሌላ ምግብ ጋር እንብላው።