የኪራይ ግብር ተቀናሽና የኅሊና ሚዛን

አንዲት ልጆች የምታሳድግ መበለት በ2010 ዓ.ም. ሰርቪስ ቤቷን በወር 4,000 ብር አከራይታ ትኖር ነበር እንበል። ግብር የሚከፈልበት ወቅት ሲደርስ፣ «ሕጉ የሚፈቅድልኝን ተቀናሽ ሁሉ ብጠይቅ ስስት አይሆንብኝምን?» ብላ ተጨነቀች። ጥያቄዋ የብዙ ምእመናን ጥያቄ ስለሆነ፣ ቀጥለን እንመርምረው።

በቅድሚያ ሕጉን እንወቅ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286፣ ለቤት እድሳት፣ ለጥገናና ለእርጅና ከጠቅላላው ኪራይ አንድ አምስተኛው እንዲቀነስ ፈቅዶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 979 ደግሞ የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ተቀናሹን ወደ ግማሽ ከፍ አደረገው፤ መዝገብ የሚይዝ ግን በእርግጥ ያወጣውን ወጪ ያስቀንስ ነበር። በዚህም መሠረት ከመበለቲቱ የዓመት ኪራይ፣ ከ48,000 ብር፣ ግብር የሚታሰበው በ24,000 ብር ላይ ሲሆን፣ ግብሩ 1,890 ብር ይደርስ ነበር። ተቀናሹን ብትተው ኖሮ 5,970 ብር ትከፍል ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለ ተሻሻለ፣ እያንዳንዱ አከራይ የዘመኑን መጠን ከግብር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ሊረዳ ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ ኅሊና ጥያቄ እንመለስ።

1ኛ/ ግብር መክፈል የፍትሕ ግዴታ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2240 ይህንኑ ያስተምራል። ይሁን እንጂ የዕዳው ልክ ሕጉ የወሰነው ነው። ቤት ያረጃል፤ ስለዚህ ከኪራዩ ከፊሉ ትርፍ ሳይሆን የቤቱ መጠገኛ ነው። ሕግ አውጪው ይህን አይቶ የፈቀደውን ተቀናሽ በእውነት መጠየቅ ስርቆት አይደለም።

2ኛ/ መብትን መተውስ ይቻላልን? ለራሱ ብቻ የሚኖር ሰው በነፃ ፈቃዱ ሊተው ይችላል። ነገር ግን እናት ከልጆቿ ቀለብና ትምህርት ቀንሳ ልትተው አይገባትም። የሙት ልጆችን ቤት በሞግዚትነት የሚያስተዳድርም የእነርሱን መብት በራሱ ልግስና ሊሰጥ አይችልም።

3ኛ/ ተቀናሽና ማጭበርበር ለየቅል ናቸው። 4,000 ብር እየተቀበሉ በውሉ ላይ 2,000 ብር መጻፍ ሐሰት ነው፤ ቤት እንዳያጣ የሚፈራውን ተከራይም የሐሰቱ ተባባሪ ያደርገዋል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አንርሳ። ተቀናሹ የተፈቀደው ቤቱ እንዲጠገን ነው። ሕጉ መዝገብ ከማይዘው አከራይ የጥገና ደረሰኝ ባይጠይቅም፣ ኅሊና ግን ይጠይቃል። በክረምት ጣሪያው እያፈሰሰበት ልጆቹን ከጥግ ወደ ጥግ የሚያሸሽ ተከራይ ካለ፣ አከራዩ በጥገና ስም ያስቀነሰው ገንዘብ የት ደረሰ? ለመንግሥት ዕዳ ባይኖርበትም፣ ለባልንጀራው ዕዳ አለበት።

መበለቲቱ እንግዲህ ያለ ፍርሃት ተቀናሿን ትጠይቅ፤ ከዚያም ቆርቆሮውን ታስጠግን።

ለማሰላሰል፦ በጥገና ስም ካስቀነስሁት ገንዘብ ባለፈው ዓመት ስንቱን ለቤቱ አዋልሁት?